ከፓራሲታሞሉ በፊት ጣታችሁን ውጉ

ሐረጎ ላይ ነው የጀመረኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚኒባሱ መታጠፊያውን እያቃሰተ ሲወጣ ጆሮ ድፍን ይላል፣ ሆድ ይገለበጣል። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነበር። ግንባሬን ፈለጠኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ በዚያ ብርድ ላብ በጀርባዬ ወረደ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «መኪና ነው፣ አብሽሪ» ብላ ሎሚ ገምሳ አሽቺ አለችኝ። እኔም ሎሚዬን እያሸተትኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደሴ ገባሁ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ሆስፒታል ደርሼ ሲለኩኝ የደም ስኳሬ ከ70 በታች ወርዶ 58 ነበር። ያን ሎሚ ከማሸት ይልቅ በስኳር በጥብጬ ብጠጣው ኖሮ እዚያው ሐረጎ ላይ ይለቀኝ ነበር።

ጥፋቱ የኔው ነው። በባዶ ሆድ ደም የሚሰጥበት ቀጠሮ ስለነበረ ቁርስ አልበላሁም፤ የስኳር ክኒኔን ግሊቤንክላማይድን ግን እንደ ልማዴ ውጬ ወጣሁ። ያ ክኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ ነው፤ ብበላም ባልበላም ሥራውን ይሠራል። እና የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ የባዶ ሆድ ምርመራ ባለባችሁ ቀን እንዲህ ያለውን ክኒን በቦርሳ ይዛችሁት ሂዱ፤ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ከቁርስ ጋር ዋጡት። ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ለዚያ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ እንደ ኢንሱሊኑ ዓይነት ይለያያል።

ሐኪም አይደለሁም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ስኳር ከተገኘብኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ስውጥ ኖሬ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ እህቴ ከውጭ የምትልክልኝን በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ ሐኪሜ አይቶ ፈቅዶልኝ ጀመርኩ። ሴማግሉታይድ ይባላል፤ ሰው «ኦዜምፒክ» የሚለው ነው። ከመርፌው ጋር ራስ ምታት መጣ። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨመቁልኝ፣ ደንበኞቼ ፓራሲታሞል አቀበሉኝ፣ እህቴ በስልክ «የመርፌው ነው፣ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ። ሁሉም በየራሱ ያውቃል። እኔን ያዳነኝ ግን ደብተር ነው፤ እሱ ጋ እደርሳለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለውፍረት መቀነሻ በሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን በተደረጉት ጥናቶች ላይ ሴማግሉታይድ ከተወጉት ከመቶ 14ቱ ራስ ምታት አለን ብለዋል፤ መድኃኒት የሌለው ባዶ መርፌ ከተወጉት ደግሞ ከመቶ 10ሩ። ይህን የነገረችኝ ክትትል ክፍል ያለችው ሲስተር ናት። «አየሽ፣ አብዛኛው ያለ መርፌውም ሊመጣ የሚችል ነው» አለችኝ። ስለዚህ ራሳችሁን ባመማችሁ ቁጥር መድኃኒቱን ከመስደብ፣ መድኃኒቱን ከጀመራችሁ ወዲህ ምን እንደቀረባችሁ ፈልጉ። እህል? ውሃ? ቡና? እኔ ሦስቱም ቀርተውብኝ ነበር።

መጀመሪያ መለኪያውን አውጡ

ስትሪፕ፣ ያ የደም ጠብታ የሚነካው የስኳር መለኪያ ወረቀት፣ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም እቆጥባለሁ። ራስ ምታት ሲነሳ ግን አትቆጥቡ። ጣታችሁን በውሃና ሳሙና ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ውጉ። መታጠቡን አትናቁ፤ አንድ ጊዜ ለደንበኛ ስኳር ስጨምር በነካካሁት ጣት ለክቼ 240 አሳየኝ፤ ታጥቤ ስደግመው 131 ሆነ።

ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ ያ ራስ ምታት ክኒን አይፈልግም፣ ስኳር ነው የሚፈልገው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሞላ አድርጋችሁ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና ጠጡ። ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፤ ስኳር የሌለው ዜሮ የሚሉት አይሆንም። ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ዳቦ በመግመጥ አትጀምሩ፣ ይዘገያል። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ከተስተካከለ በኋላ ነው ቁራሽ ዳቦ ወይም በሶ የሚበላው። ራስ ምታቱ ከስኳሩ በኋላም ትንሽ ሊቆይ ይችላል፤ ቁጥሩ ከተስተካከለ በላዩ ላይ ስኳር አትደራርቡ።

መለኪያ ከሌለና ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ አብሮ ካለ፣ እንደወረደ ቆጥራችሁ ጣፋጩን ጠጡ። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፤ ማርም ቢሆን። በጎኑ አስተኙትና ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

ስኳር የሚያወርዱት ሁሉም መድኃኒቶች እኩል አይደሉም። ከመጠን በታች የሚጥሉት በዋናነት ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድና ዘመዱ ግሊሜፒራይድ ናቸው። ሜትፎርሚን ለብቻው እንዲህ ማድረጉ እምብዛም ነው፤ ሴማግሉታይድም እንደዚያው። አብረው ሲወሰዱ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እኔ ዘንድ የሆነው ይህ ነው፦ መርፌው የምግብ ፍላጎቴን ቆለፈው፤ አንድ እንጀራ የምበላ ሴት ሦስት ጉርሻ ላይ «በቃኝ» ማለት ጀመርኩ። ግሊቤንክላማይዱ ግን የድሮውን እንጀራ እያሰበ ያንኑ ያህል ይጎትታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ከ70 በታች አገኘሁት። ሐኪሙ ቁጥሮቹን ሲያይ መጠኑን በግማሽ ቀነሰልኝ፤ ኋላም አስቆመኝ። በራሴ አልቀነስኩም፤ እናንተም በራሳችሁ አትቀንሱ፣ ግን ቁጥሩን ይዛችሁ ቶሎ ሂዱ፤ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።

ጠዋት ራስ ምታት ይዟችሁ የምትነሱ ከሆነ፣ አንሶላው በላብ ከራሰና ሌሊት ስትቃዡ ካደራችሁ፣ ስኳሩ ሌሊት እየወረደ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ለኩ። እኔ የስልኬን ማንቂያ ሞልቼ ነው የተነሳሁት፤ አንዱን ሌሊት 63 አገኘሁ። ከዚያ በፊት እናቴ «ከራማሽ ተቆጥቶ ነው» ስትለኝ ነበር።

ከመጠን በላይ ከፍ ያለ ስኳርም ራስ ያሳምማል። ያኛው ግን ዓይነቱ ሌላ ነው፦ አፍ ይደርቃል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ ራስ ይከብዳል። ስለዚህም ነው ሳትለኩ መገመት የማይረዳው።

ውሃ

ይህን ላሳጥረው። መርፌው ጥሙንም አብሮ ይወስደዋል፤ ማስታወክና ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውነት ይደርቃል። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር ክኒኖች የምትውጡ ስኳሩ በሽንት ነው የሚወጣው፣ ውሃም ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ጠዋት ሞልታችሁ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ፤ እየተጎነጫችሁ ማታ ባዶ ይሁን። አንዴ ግጥም ማድረግ አያዋጣም፣ በዚህ መርፌ ሆድ ቀስ ብሎ ነው የሚያወርደው። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ አልጠጣችሁም ማለት ነው። ትውከቱ ከበዛ አንድ ፓኬት ለምለም በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ በቀስ፤ ትንሽ ስኳር እንዳለው አትርሱ። ውሃ እንኳ አልቆይ ካለ፣ በተለይ ኢናላፕሪል ወይም ሽንት የሚያሸና የግፊት ክኒን የምትወስዱ፣ ቤት አትቀመጡ፤ ኩላሊት ይጎዳል።

ቡና የሸጠ ሁሉ ቡና አይጠጣም

አሁን የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ሳምንት የቡና ሽታ ጠላሁ። ከአቦል እስከ በረካ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስድስት ሰባት ስኒ የምጠጣ ሴት፣ ብረት ምጣዱ ላይ ቡናው ሲንጣጣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እሸፍን ጀመር። ለሰው እየቀዳሁ እኔ አልቀምስም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከዓይኔ ጀርባ የሚወቅር ራስ ምታት ያዘኝ። ለካሁ፣ 118። ግፊቴ ደህና፣ ውሃዬም ተጠጥቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሻሽ አስሬ ሠራሁ። ባጃጅ የሚነዳ ደንበኛዬ «ማዘር፣ ዓይንሽ ቀልቷል፣ ጨምሪ ሁለት ፓራ» ይለኛል።

ሲስተሯን ስጠይቃት «ቡና መቼ ነው የጠጣሽው?» አለችኝ። መሳቄን ትዝ ይለኛል። ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይብሳል፣ ከዚያ እስከ ሳምንት አካባቢ ሊጎትት ይችላል። ረመዳን በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ወይም ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ጊዜ ራሳችንን የሚፈልጠን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሽታውን ከጠላችሁ ቀጠን ያለ ግማሽ ስኒ ጠዋት፣ ግማሽ ከሰዓት። ሙሉ በሙሉ መተው የምትፈልጉ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሳችሁ ውረዱ። በጨው የምትጠጡ ግፊት ካለባችሁ ጨውን ተዉት። ከአንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖች ጋር ካፌይን ተቀላቅሎ ይመጣል፤ እሱ ወዲያው ሲለቃችሁ የዳናችሁ ይመስላችኋል፣ ያገኛችሁት ግን ቡናችሁን ነው።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ከረመዳን ቢያንስ ወር ቀደም ብላችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ሰዓቱም መጠኑም ይለወጣል። ጾማችሁ እያላችሁ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ አፍጥሩ። ጣት መውጋት ጾም አያፈርስም፤ ሰፈራችን ያሉትን ሼህ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

የከሰሉን ነገር ማንም አልነገረኝም

በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ሸራዬን ሦስት ጎን አወርዳለሁ። ከሰሉ ውስጥ ነው፣ ዕጣኑም ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ራሴን ይከብደኝ ነበር፤ እኔም «መርፌው» እላለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የምትሠራው ልጅ፣ ስኳርም መርፌም የሌላት፣ «እኔንም ያመኛል እኮ» አለች። ያኔ ነቃሁ። የከሰል ጭስ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ በተዘጋ ቤት ደግሞ ይገድላል። መለያው ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያመዋል፣ ውጪ ስትወጡ ይቀላል። ደሴ ዘመዶቼ ጋ ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ይሞቃሉ፤ የጦሳ ብርድ አያስቀምጥም፣ እውነት ነው፣ ግን ከመተኛታችሁ በፊት አውጡት።

ግፊትና ሌሎች ክኒኖች

ግፊታችሁን አስለኩ፤ ብዙ ፋርማሲ ውስጥ ይለካል። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ። ግልባጩም አለ፦ ክብደት ሲቀንስ ግፊት ይወርዳልና የድሮው የግፊት ክኒን ሊበዛባችሁ ይችላል፤ ስትነሱ ዓይናችሁ ከጨለመ ተናገሩ። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን የሚባሉት የግፊት ክኒኖች ራሳቸው ራስ ምታት ያመጣሉ። እኔ የስኳሩን መርፌ ስወቅስ፣ በዚያው ወር አምሎዲፒን መጀመሬን ረስቼው ነበር።

ፌንተርሚን የሚባለው የውፍረት ክኒን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በየሱቁና በስልክ የሚሸጠው «የማቅጠኛ ሻይ»ና እንክብል ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ሲቡትራሚን ተደብቆባቸው ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና በስትሮክ አደጋ ምክንያት በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው።

መርፌውንም ተጠንቀቁ። በ2023፣ ይኸውም በነሱ አቆጣጠር፣ ኦስትሪያ ውስጥ ሐሰተኛ ነው የተባለ ኦዜምፒክ የተወጉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። መርፌውን ብቻ የምትወስዱ ሆናችሁ ከተወጋችሁ በኋላ ላብና መንቀጥቀጥ ያለው ራስ ምታት ከያዛችሁ የመርፌውን ብዕር አትጣሉ፣ ይዛችሁት ሆስፒታል ሂዱ። በሰው እጅ የሚመጣውም በበረዶ ሳጥን ይምጣ፣ ግን መድኃኒቱ ራሱ በረዶ እንዳይሆን፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው።

መጠኑንም አትዝለሉ። አጀማመሩ በሳምንት 0.25 ሚሊግራም ለአራት ሳምንት ነው፣ ከዚያ 0.5። እህቴ «ቶሎ እንድትከሺ ጨምሪበት» ብላኝ ነበር። ሰምቻት ቢሆን ይህን የምጽፈው አልጋ ላይ ሆኜ ነበር።

ክኒኑን የምትውጡት አሁን ነው

ስኳሩ ደህና፣ ውሃው ተጠጥቷል፣ ቡናውን ቀምሳችኋል፣ ከሰሉ ወጥቷል። አሁንም ካመማችሁ ፓራሲታሞል፦ ባለ 500ውን አንድ ወይም ሁለት፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ሳይበልጥ። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያበዛ ሰው መጠኑ ያነሰ ስለሆነ ይጠይቅ። የጉንፋን ክኒን ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ አብራችሁ ቁጠሩት።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ግን ለኛ አይሆኑም፤ የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት መጀመሪያውንም ይጠበቃል፣ ውሃ ሲያንስና የግፊት ክኒን ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። አንድ ፋርማሲ ምን እንደምወስድ ሳይጠይቀኝ ዲክሎፌናክ አስይዞኛል፤ አምስት ቀን ውጬዋለሁ። አሁን «ስኳርና ግፊት አለብኝ» ሳልል ብር አላወጣም። ፓራሲታሞልም ቢሆን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተዋጠ፣ ለወራት ሲቆይ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

መነጽርም አትቸኩሉ። ስኳር ሲወጣና ሲወርድ እይታ ይዋዥቃል፣ ዓይን ሲጨነቅ ራስ ያማል። ስኳሩ ጥቂት ሳምንት እስኪረጋ ጠብቁና ተመርመሩ። ይሁንና ድንገት ብዥ ካለ ወይም ከፊሉ ከጨለመ አትጠብቁ።

ሳትለኩና ሳትጽፉ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄዱበት ራስ ምታትም አለ፦ እንደ መብረቅ በአንድ ጊዜ የመጣ፣ በሕይወታችሁ የማታውቁት ዓይነት፤ ፊት የተጣመመበት፣ አንድ እጅ ወይም እግር የዛለበት፣ ምላስ የተሳሰረበት፤ ትኩሳትና የማጅራት መድረቅ ያለበት፤ ግራ መጋባት ወይም እንደ ሚጥል በሽታ መንፈራገጥ ያለበት። ከራስ ምታቱ ይልቅ ወደ ጀርባ የሚሄድ ብርቱ የሆድ ሕመም ከያዛችሁም እንደዚያው፤ ከመርፌው ጋር የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ

የልጄ የተረፈ የሒሳብ ደብተር ነው፤ ካሬ ካሬው ያመቻል። አንድ ገጽ ልገልብጥላችሁ፦ «እሁድ። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ጀመረኝ፣ ሁለቱም ጠርዝ። ከትናንት ማታ ወዲህ ግማሽ ዳቦ። ውሃ አንድ ብርጭቆ። ቡና የለም። ስኳር 61። ስኳር በውሃ ጠጣሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ 84። 6 ሰዓት ላይ ለቀቀኝ። መርፌ የተወጋሁት ዓርብ።» በቃ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስድስት ሳምንት የሞላውን ደብተር ሐኪሙ ፊት ስዘረጋው፣ ሁልጊዜ ደቂቃ የማይሰጠኝ ሰው ወንበሩን ሳበ። በጣቱ ወደ ታች እየሄደ «ቅዳሜ፣ እሁድ፣ እሁድ፣ ቅዳሜ» አለ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ የሚበረታው ከተወጋ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ነው ምንም የማልበላው። እኔ ለካ መንገደኛ በሚበዛበት ቀን፣ ራሴን ለመንከባከብ ጊዜ በሌለኝ ቀን ነበር የምጾመው። ቀኑን ወደ ሰኞ አዛወረልኝ፤ በሁለት መርፌ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ካለ ቀን መለወጥ ይቻላል። ማክሰኞና ረቡዕ አሁን ባልራብም በሰዓት እበላለሁ፦ ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ቀን ሽሮ በትንሽ እንጀራ፣ ማታ ሾርባ።

አሁን በወር አንድ ሁለት ቀን ቢያመኝ ነው። ቀጠሮ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ መለኪያው አለ፣ ስትሪፕ አለ፣ ክኒኔ ከነወረቀቱ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር በላስቲክ ተቋጥሮ፣ አንድ ዳቦ፣ ደብተሩ። ሎሚም እይዛለሁ፤ እሱ ለሐረጎ መታጠፊያ ነው።